ተተኪ እስኪገኝ

ሥራዋን ሰው ሲጠይቃት «መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው» ብላ ታልፈዋለች። ሰማይ ነው የማየው ብትል የሚስቅባት አይጠፋማ። እውነቱ ግን እንደዚያ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ፣ ከዚያም በእግር ዳገት ተወጥቶ የሚደረስበት አንድ ተራራ ላይ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ አለ። ሁለት ክፍል ቤት፣ በሽቦ የታጠረ ሣር፣ ሣሩ መሐል በአራት እግሩ የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትሮች፣ ራቅ ብሎ የዝናብ መለኪያ፣ ከፍ ባለ ብረት ላይ ደግሞ ነፋስ ሲመጣ የሚሽከረከር መሣሪያ። እሷ በየሰዓቱ እየወጣች ታያለች፣ ትመዘግባለች፣ ጧትና ማታ በስልክ ለዋናው መሥሪያ ቤት ትናገራለች። ብቻዋን ናት። አንድ ቀን ከቀረች ያ ቀን ለዘላለም ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ የትናንትን ዝናብ ዛሬ ሄዶ መለካት አይቻልምና።

ከተራራው ሥር ያለው መንደር «እትዬ ደመና» ብሎ ስም አወጣላት። ልብስ አጥቦ ያሰጣ ሰው ዝናብ ከመታበት መንገድ ላይ አስቁሞ «እትዬ ደመና፣ ምን በደልኩሽ?» ይላታል። ድግስ ያለበት ደግሞ ቀደም ብሎ ደጅ ይጠናል።

«እኔ እኮ ለኪ ነኝ እንጂ አዛዥ አይደለሁም» ትላቸዋለች።

«ለኪና አዛዥ አንድ ቢሮ አይደላችሁ እንዴ!» ብለው ያስቋታል።

ስሙ በስልክ መስመሩ ላይ ተሻግሮ ዋናው መሥሪያ ቤትም ደረሰ። እዚያም ደመና ይሏት ጀመር።

ባሏ የዚያው መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ለጣቢያዎች ዕቃ ሲያደርስ ነው የተዋወቁት፤ ዕቃ ሲያደርስም ነው መኪናው ገደል የገባው። ልጅቷ ያኔ ገና በሆዷ ውስጥ ነበረች። ደመና ሐዘኗን ሳትጨርስ ወለደች፣ ከወሊድ ፈቃዷ ስትመለስም ሕፃኗን አዝላ ተራራውን ወጣች። መሣሪያዎቹን ስታነብ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ትተኛለች፤ በስልክ ስትናገር ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ወዲያ ያለው ሠራተኛ «ዛሬ ነጎድጓድ አለ እንዴ?» ብሎ ይቀልዳል።

ክረምቱ ሲገባ ግን ሕፃኗ ሳል ያዛት። ሳሉ ወደ ሳንባ ወረደ። ደመና ዝናብ እየወረደባት አዝላት ቁልቁል ሮጠች፣ ሐኪም ቤት አደረሰቻት፣ ተረፈች። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን እያሸ «ይቺን ልጅ እዚያ መልሰሽ ከወሰድሻት ሁለተኛ እኔ ጋ አታደርሻትም» አላት።

ታላቅ እህቷ ከተማ ነው የምትኖረው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ አናጢ ነው። ልጅ ፈልገው ፈልገው ሳይሰጣቸው ቀርቶ፣ ነገሩን ከማንሳት ከተዉት ቆይተዋል። ታላቅየዋ ሕፃኗን ከደመና ክንድ ላይ ተቀብላ፣

«እስክትዛወሪ ድረስ እኔ አለሁ» አለቻት። «አንቺ ሥራሽን ያዢ። ለጊዜው ነው።»

ሥራውን መልቀቅ ያላሰበችው ሆና አይደለም። ግን በዚያ ደሞዝ ነበር ልጅቷ የምትታከመው፣ የወተቷም ወጪ የሚሸፈነው። ሌላ የምታውቀው ሙያም የላትም። ስለዚህ በነጋታው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዳ የዝውውር ማመልከቻ አስገባች።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ሸምገል ያሉ፣ ከጠረጴዛቸው በላይ የፋይል ክምር እንጂ ፊታቸው የማይታይ ሰው ናቸው። ማንኛውንም መልስ «እስኪ» ብለው ስለሚጀምሩ ሠራተኛው በሌሉበት «አቶ እስኪ» ይላቸዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ማመልከቻዋን አንብበው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እስኪ ተተኪ እናፈላልግ።»

«እስከ መቼ ነው ጋሼ?»

«ተተኪ እስኪገኝ።»

«ካልተገኘስ?»

«እህቴ፣ ጣቢያውን ዘግቼ ባነሳሽ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማን ይሄድልኛል እዚያ? ባለፈው የቀጠርነው ጎረምሳ ገና አውቶቡሱ ላይ ሳለ ነው ሥራ የለቀቀው።»

ሳትወድ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ተስፋ አድርጋ ወጣች።

በየዓመቱ ማመልከቻውን ታድሳለች፣ በየዓመቱ «ተገቢ ነው» ይባላል። ተቀጣሪ ይመጣል፣ ተራራውን አይቶ ይመለሳል። አንዱ ዘመድ አለው፣ አንዷ የሐኪም ማስረጃ አላት። ደመና ዘመድም ማስረጃም የላትም፤ ጤነኛ ናት፣ ሥራዋንም አታጓድልም። ይኸው ጎዳት። የሥራ አፈጻጸሟ ሲሞላ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይባላል፤ እጅግ በጣም ጥሩ የሆነ ሰው ደግሞ ካለበት አይነሳም።

ፈቃድ ስታገኝ ከተማ ትወርዳለች፤ እነዚያ ቀኖች መዝገቡ ላይ ባዶ ይቀራሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ ትላት ነበር። ቆይቶ በእጅ በእጅ እየተጠራች መምጣት ጀመረች። ከዚያ ደግሞ ታላቅየዋ ቀሚስ ሥር ተሸጉጣ በአንድ ዐይን ማየት መጣ። በስልክ ሲያገናኟት ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ደመና ተራራው ላይ ሆና ያንን ትንፋሽ ታዳምጣለች፤ ነፋሱ ሲያስቸግራት ሌላ ጆሮዋን በእጇ ትደፍናለች።

አንድ ጊዜ፣ ልጅቷ አፏን ከፈታች በኋላ፣ ደመና ገና በሩን አልፋ ስትገባ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣

«ደህና ነዎት?» አለቻት።

ደመና ሻንጣዋን እንደያዘች ቆመች። ልጅቷ ዞር ብላ ልብስ ሰፊዋን «እማዬ፣ ሻይ ላምጣላቸው? አንቺ ተቀመጪ» አለቻት፤ ወደ ጓዳም ሮጠች።

«አንቱ አለችኝ፣ እቴ» አለች ደመና። «የገዛ ልጄ አንቱ አለችኝ።»

ታላቅየዋ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አላለችም። «ለትልቅ ሰው አንቱ በይ ብዬ አስተማርኳት። ጎረቤት እንዳይቀየም ብዬ። አንቺን ግን ‹እናትሽ ናት፣ አንቺ ነው የምትያት› አልኳት። ስንቴ ነገርኳት። አፍራ ነው። ትለምዳለች።»

«እማዬ የምትለው አንቺን ነው።»

«ትለምዳለች አልኩሽ እኮ።»

ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት ደረሰ። ደመና ያንን ቀን እንዳያመልጣት ብላ ከወራት በፊት ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ቦርሳ ገዝታ፣ ቦርሳው ላይ ቢራቢሮ አስጠልፋ፣ ጓዟን ሸክፋ ነበር። ልትወርድ ባለችበት ዕለት ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ሲጀምር እንደማንኛውም ዝናብ ነበር። ከዚያ ግን አላቆመም። የመለኪያው ዕቃ እየሞላ እሷ እየደፋች እንደገና ሞላ። እንዲህ ያለ ዝናብ በሥራ ዘመኗ አላየችም። ከተራራው ግርጌ የሚወርደው ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ወንዙ ዳር ሰፈር አለ።

ሻንጣዋን በር ላይ ትታ ወደ ስልኩ ተመለሰች። ደወለች፣ ተናገረች፣ እየወጣች አየች፣ ደግማ ደወለች። ሌላው ወገን «እርግጠኛ ነሽ?» ሲላት «ሰዎቹን አስነሷቸው!» ብላ ጮኸች። በሥራ ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር። ሰዎቹ ተነሡ። ጎርፉ ቤቶቻቸውን ይዞ ሄደ እንጂ ሰው አልወሰደም። በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ መጣለት፤ መግቢያው አዳራሽ ላይ በመስታወት ተሰቀለ። ስሟ የለበትም፣ እሷም ስሜ ይግባበት አላለችም።

ልጅቷን ትምህርት ቤት ያደረሰቻት ልብስ ሰፊዋ ናት።

ዝውውሩ የመጣው ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ከገባች በኋላ ነው። አቶ እስኪ ራሳቸው ደወሉ። «ደመና፣ ተገኘልሽ!» አሉ፣ ልጃቸው ፈተና ያለፈላቸው ያህል። ተተኪው አንድ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ መጻሕፍት የሞላ ሻንጣ ይዞ መጣ። ተራራውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ጥሩ ነው፣ ሰው የለም» አለ። ደመና አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራትም። ስትወርድ የመንደሩ ሰው «ዝናባችንን ይዘሽው እንዳትሄጂ!» እያለ ሸኛት።

ከተማ ስትደርስ እህቷ ቤት አረፈች። ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የአናጢው እንጨትና የስፌት መኪናው የሚጋፉበት፣ አንዱ መኝታ። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ልጅቷ «እማዬ!» ባለች ቁጥር ሁለት ሴቶች ይነሳሉ። ከዚያ ተያይተው አንዷ ትቀመጣለች። ሁሌም የምትቀመጠው ደመና ናት። ጸጉሯን ላበጥርሽ ስትላት ልጅቷ «እሺ» ብላ ትመጣለች፤ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ሲያማት ቃል አትተነፍስም። ልብስ ሰፊዋ ስታበጥራት ግን «አመመኝ እኮ! ቀስ በይ!» እያለች ቤቱን ታተራምሳለች። ደመና ያንን ጩኸት ተመኘችው።

አንድ ቀን ታላቅየዋ መቀሷን አስቀምጣ፣

«ቤት ተከራይተሽ ይዘሻት ውጪ» አለች። «እኔ እያለሁ ያንቺ አትሆንም። እኔም ለጥቂት ጊዜ አልመጣም።»

«እቴ፣ አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ከመጀመሪያውም ለጊዜው ነው አላልኩም?» አለችና የስፌት መኪናውን በኃይል ረገጠችው። ሳትሰፋ ነበር የምትረግጠው፤ ጨርቅ አልነበረበትም።

ደመና ከመሥሪያ ቤቱ ብዙ የማይርቅ ቤት ተከራየች። ሥራዋ አሁን መረጃ ክፍል ነው። ከየጣቢያው የሚመጣውን እየሰማች ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች። መስኮቷ ከፎቅ ግድግዳ ጋር ስለሚፋጠጥ ሰማይ አይታያትም። ጓደኞቿ «ደመና፣ ዛሬ ውጪው ዝናብ ነው ፀሐይ?» ብለው ያሾፉባታል። ግድ የላትም። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ትምህርት ቤት ትሮጣለች።

መጀመሪያ ቀን አስተማሪዋ በር ላይ አስቆመቻት።

«ማን ልበል?»

«እናቷ ነኝ።»

አስተማሪዋ ፈገግ አለች። «እናቷንማ አውቃታለሁ። ልብስ ሰፊዋ አይደለችም?»

ደመና ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ከየት ጀምራ የቱ ጋ እንደምትጨርሰው ጠፋባት። ልጅቷ ናት የገላገለቻት። ቦርሳዋን አንግታ መጣችና «ይዘውኝ እንዲሄዱ ተነግሮኛል» አለች።

ልጅቷ አላስቸገረቻትም። ብታስቸግራት በወደደች ነበር። የቀረበላትን ትበላለች፣ ሳህኗን ታነሳለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። የቤት ሥራዋን ሳትታዘዝ ትሠራለች። ደመና በተራራው ላይ ሳለች ያጠራቀመችውን ተረት ሁሉ ትነግራታለች፤ ልጅቷ እስከ መጨረሻው ታዳምጥና «በጣም ጥሩ ነው» ትላለች። ሰው ቤት በእንግድነት የመጣ ልጅ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጧት አንሶላዋ ረጥቦ ይገኝ ጀመር። አንድ ጧት ልጅቷ ሰው ሳይነቃ ራሷ አንሶላውን ገፍፋ ለማጠብ ስትታገል ደመና አገኘቻት።

«ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ የኔ እናት።»

«አይድከሙ» አለች ልጅቷ። አንገቷን ደፍታ ጨርቁን አልለቅም አለች።

ከዚያ አመማት። ከትምህርት ቤት ተደውሎ ደመና ከቢሮ ወጥታ ሮጠች፤ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ጉንፋን ነው፣ ትኩሳቱ ይወርዳል ተባለች። ቤት አስተኝታት አጠገቧ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ የልጅቷ እግር ላይ አርፏል። ጨርቅ እያራሰች ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። ዐይኗን እንደጨፈነች ልጅቷ «እማዬ» አለች።

ደመና ልቧ ተሰቀለ። «አለሁ፤ አለሁ የኔ ዓለም።»

«እማዬ።»

«ይኸው አጠገብሽ ነኝ።»

ልጅቷ ዐይኗን ገለጠች። አየቻት። ትኩሳት ያለበት ልጅ ማስመሰል አይችልም፤ ፊቷ ወደቀ።

«እርስዎን አልነበረም» አለች። ከዚያ ደግሞ ያጠፋች መሰላትና ብርድ ልብሱን ወደ አፏ ስባ፣ «ይቅርታ» አለች።

ከሰማችው ሁሉ ይህ «ይቅርታ» ነው የደመናን አንጀት የበጠሰው። ጨርቁን አጠበች፣ አንጠለጠለች፣ ጫማዋን አደረገች። ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቀፈቻትና ታክሲ አስቆመች።

ልብስ ሰፊዋ የደንብ ልብስ እየቆረጠች ነበር። በሩ ላይ ስታያቸው መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ሰውነቷ ምን ያህል እንደከሳ ደመና ያኔ ነው ያስተዋለችው።

«ምን ሆነችብሽ?»

«ጉንፋን ነው። ሐኪም አይቷታል፤ መድኃኒቷም ይኸው።»

«ታዲያ ትኩሳት ያለባትን ልጅ በነፋስ ምን አመጣት?»

«ጠራችሽ» አለች ደመና።

ታላቅየዋ ልጅቷን ተቀበለች። ልጅቷ አንገቷ ሥር ፊቷን ቀበረችና፣ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አምቃ ይዛው የኖረችውን ለቅሶ ለቀቀችው። እየደበደበቻት ነበር የምታለቅሰው፤ «የት ነበርሽ? ለምን አልመጣሽም? የት ነበርሽ?» እያለች። አናጢው መዶሻውን እንደያዘ ወደ ውጪ ወጣ። ደመና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አየች። ይህን ጥያቄ ልጅቷ እሷን ጠይቃት አታውቅም።

ትኩሳቱ ሲወርድ እህትማማቾቹ ደጅ ላይ ተቀመጡ።

«እዚህ ትቆይ» አለች ደመና።

«እስኪሻላት?»

«እዚህ ትኑር።»

ታላቅየዋ በልብሷ ጫፍ ፊቷን ጠራረገች። «ልወስድብሽ ብዬ አልነበረም። እግዜር ያያል። በየቀኑ ስላንቺ እነግራት ነበር። ፎቶሽን ግድግዳው ላይ…»

«አውቃለሁ እቴ። አንቺ አልወሰድሽብኝም፣ እኔም አልጣልኳት። በቃ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ካለችው በኋላ ይህ ለእሷም ምንኛ ትንሽ ቃል እንደሆነ ተሰማት። ሌላ ቃል ግን አልነበራትም።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤት ደረጃው ላይ አቶ እስኪን አገኘቻቸው። ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ካርቶን ታቅፈዋል፤ ከካርቶኑ ውስጥ የግድግዳ ሰዓትና አሮጌ ካፖርት ብቅ ብለዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ደመና! ልጅሽን ይዘሽ ቤትሽ ገባሽ አይደል?»

«ገባሁ ጋሼ።»

«እንዴት ደስ ይላል! አየሽ፣ ሰው ስንት ዓመት ሠርተህ ምን አደረግህ ቢለኝ የምናገረው ብዙ የለኝም። ስብሰባ ነው፣ ማህተም ነው። ያንቺን ነገር ግን ለሚስቴም ነግሬያታለሁ። አንዲት እናት ከልጇ ጋር አገናኝቻለሁ ብያታለሁ።»

ደመና የሽማግሌውን ዐይን አየች። ካርቶኑ ከብዷቸዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። «ባለውለታዬ ነዎት።» ካርቶኑን ተቀብላቸው እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው፣ ታክሲ እስኪያገኙም አብራቸው ቆመች። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፤ የተራራው ጣቢያ እየደወለ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሥራ ስትወጣ ወደ እህቷ ቤት ትሄዳለች። የቤት ሥራ ታሠራለች፤ ሒሳብ ላይ ደህና ናትና ልጅቷ ትፈልጋታለች። አንቱታው አልቀረም። አናጢው አንድ ተጨማሪ በርጩማ ሠርቶላታል።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እህትማማቾቹና ልጅቷ አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሻማ ለኩሰው ሲያወሩ ልጅቷን እንቅልፍ ጣላት። ጭንቅላቷን ልብስ ሰፊዋ ጭን ላይ አደረገች፤ እግሮቿን ደግሞ ዘረጋችና ደመና ጭን ላይ ጣለቻቸው። ሳታስበው ነው። ከነካልሲዎቿ ናቸው፤ አንደኛው ካልሲ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዷል። ደመና እንዳትነቃ እየፈራች ሁለት እጇን እግሮቿ ላይ አሳረፈች። ሞቃት ነበሩ። ታላቅየዋ በሻማው ብርሃን አየቻት።

ወደ ኪራይ ቤቷ የሚወስዳት የመጨረሻው አውቶቡስ የሚሄድበት ሰዓት እየደረሰ ነበር። ደመና አልተነሳችም።